ባልዲውን ስለሚያወጡት ሴትዮ

መካኒሳ አቦ ከነበረው ቤታችን የወሰዱኝ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ነው። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ወረቀት በትናለች ተብሎ እኔም አብሬ ታሰርኩ። የቀበሌው እስር ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበር ግድግዳው የጤፍ አቧራ ይሸታል። ሴቶቹ ልጅነቴን አይተው ጠጋ ጠጋ አሉና ከሽንት ባልዲው ራቅ ያለ ቦታ ሰጡኝ።

በትምህርት ቤታችን በድርሰት የሚደርስብኝ አልነበረም። ይህንንም በገባሁ ማግስት ሁሉም እንዲያውቀው አድርጌያለሁ። ወሬው የቀበሌው ካድሬ ጆሮ ደረሰ መሰለኝ፣ እስረኛው በየሳምንቱ ለሚሰበሰብበት የቅዳሜ ውይይት «የሥራ ክቡርነት» በሚል ርዕስ ጽፈሽ ለእስረኛው ሁሉ ታነቢያለሽ ተባልኩ። ካድሬውን ያልጣመው ነገር ያነበበ አንድ እስረኛ ከቤቱ ስንቅ እንዳይገባለት ተከልክሎ ነበርና ፈራሁ። ግን ከፍርሃቴ ኩራቴ ይበልጥ ነበር።

«ሥራ የሰው ልጅ የህልውናው መሠረት ነው» ብዬ ጀመርኩና ወረቀቱን በመፈክር ሞላሁት። አብራን የታሰረች የአማርኛ አስተማሪ ነበረች፤ አንብባ መለሰችልኝ።

«እዚህ ውስጥ የሚሠራ ሰው የታለ?»

«ቲቸር፣ ስለ ሥራ እኮ ነው የጻፍኩት።»

«እሱማ አዎ። ግን ማንም ሲሠራ አላየሁም። ዛሬ ጠዋት ማን ሲሠራ አየሽ?»

ከፋኝ። ጠዋት ያየሁት ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ከፉሪ የመጡ ወተት ሻጭ እናት አብረውን አሉ፤ ልጃቸው ስለተሰወረ በእሱ ፋንታ የታሰሩ። ማንም ሳያዛቸው ባልዲውን አውጥተው ይደፋሉ፣ በአመድ አሽተው ያጥቡታል። እኛ አፍንጫችንን ይዘን እናያቸዋለን።

ስለ እሳቸው ጻፍኩ። አስተማሪዋ አነበበችና ፈገግ አለች።

«አሁን ሰው ገባበት። መጀመሪያ ግን ለራሳቸው አንብቢላቸው።»

እያፈርኩ አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

«ሁሉም ደግ ነው። ‘ምስኪን’ ያልሽው ማንን ነው?»

«እርስዎን ነው፣ እማማ።»

«እኔ? ላሞች ያሉኝ ሰው ነኝ እኮ! ባልዲውን የማወጣው ሽታ ስለማልወድ ነው። ቃሉን አውጪልኝ፣ ልጄ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፣ እኔም ሳቅኩ። ቃሉን ስሰርዘው ድርሰቱ ተሻለ፤ በጣም ገረመኝ። ሌሎቹንም የኀዘኔታ ቃላት ራሴው እየለቀምኩ አወጣኋቸው። ያን ቀን እስረኛ መሆኔን ረስቼ ነበር።

ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰብስበን አነበብኩ። ስጨርስ ያጨበጨበ የለም፤ ሁሉም የሚያየው የካድሬውን ፊት ነው።

«ሴትዮዋ ማን ናት?» አለ ካድሬው።

ስም አልጻፍኩም ነበር። አስተማሪዋ መሬት መሬቱን ታያለች። እማማ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ከመሃላችን ብድግ አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። የጻፈችው ልክ ነው።»

ካድሬው ትንሽ አያቸው።

«ይቀመጡ» አለና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ። ድርሰት የት ተማርሽ ለሚለኝም ደስ እያለኝ እነግረዋለሁ። ዛሬም ስለ ሰው በጻፍኩ ቁጥር፣ ይህ ሰው በሕዝብ መሃል ተነሥቶ «እኔ ነኝ» ለማለት ያፍር ይሆን ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። የሚያፍር ከመሰለኝ እንደገና እጽፈዋለሁ።