የጋሼ ካርቶን ባዶ ሳጥኖች

ሰውየውን በቅጡ አላውቀውም። መንገድ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሰላም ስለው አገጩን ነቅነቅ አድርጎ ያልፈኛል። የማውቀው እህቱን ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱሪዬን የምታሳጥርልኝ እሷ ናት፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ማውራት የሚያቅታት ሴት አይደለችም። ስለዚህ እዚህ ያለው እሷ ያየችውና የሰማችው ነው። እሱ ቢያወራው ሌላ መልክ ይኖረው እንደሆነ አላውቅም።

ሠፈሩ «ጋሼ ካርቶን» ይለዋል። ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፤ የመድኃኒት ሳጥን በሚቆርጠው ማሽን ላይ ሠላሳ ዓመት ቆሟል። አግብቶ አያውቅም። የሚኖረው ምድር ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል ውስጥ ሦስት የመስታወት ቁም ሣጥኖች አሉ፣ ሦስቱም በመጫወቻ የተሞሉ። ቁልፉ ሲጠመዘዝ የሚዘል የቆርቆሮ እንቁራሪት፣ መሰላሉ የሚወጣ የእሳት አደጋ መኪና፣ አንድ ጎማው የጎደለ ባቡር፣ ሌላም ሌላም። እንግዳ ይሄን አይቶ ሲደነቅ እህቱ «ገና ምን አይተህ!» ትልና ወደ ኋላ ክፍል ታሳያለች። እዚያ ያለው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። መጫወቻዎቹ ሲገዙ የነበሩባቸው ሳጥኖች፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ እያንዳንዳቸው በላስቲክ ተጠቅልለው፣ ሥዕላቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ። ፀሐይ ቀለማቸውን እንዳይበላው ብሎ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶታል። አዲስ መጫወቻ ሲገዛ እንኳ ሳጥኑን ከላይ አይከፍትም። በሥሩ በኩል በምላጭ ሰንጥቆ ያወጣዋል፣ ከላይ የፋብሪካው ማሸጊያ እንዳለ እንዲቀር።

ችግሩ የመጣው እናትየዋ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ነው። ሐኪሙ ደረጃ የሚባል ነገር አይታሰብም አለ። እህትየዋ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ከሆስፒታል የሚወጡት ሐሙስ ነበር። ሰኞ ዕለት ወንድሟ ቤት ሄደች፤ እንድትቀመጥም አልጋበዛትም።

«ጋሼ፣ የኋላ ክፍሉን ለእማዬ ልቀቅላት።»

«ክፍሉ ተይዟል።»

«በማን?»

«ታውቂያለሽ።»

«በአየር ተይዟል በለኛ! መጫወቻህ እዚህ ነው። እዚያ ያለው ባዶ ካርቶን ነው።»

«ሳጥን የሌለው መኪና ቆርቆሮ ነው» አለ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ። «ቁጥሩ፣ ሥዕሉ፣ ማን እንደሠራው፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው። ሳጥኑን የጣለ ሰው ግማሹን ጥሏል።»

«እንግዲያው ግማሽህን ጣልና እናትህን አስገባ።»

«እናትሽም ናት። አንቺ ጋ ውሰጃት።»

«አራት ፎቅ በጀርባዬ ልሸከማት?»

«አፍሽ ይሄን ሁሉ ከተሸከመ፣ ጀርባሽ አያቅተውም።»

ደሟ ፈላ። በሩን ከኋላዋ ስትዘጋው እንቁራሪቷ መስታወቱ ውስጥ ቂው አለች። ሆስፒታል ሄዳ ለእናቷ ስትነግራቸው ደግሞ ባሰባት። «ልጄን አታስጨንቂው» አሏት እናትየዋ፣ «እኔ ኮሪደርም ላይ ቢሆን እተኛለሁ።» ሁሌም እንዲሁ ናቸው። እሱ ሰሐን ሲሰብር ሰሐኑ ነው የሚሰደበው።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ተመልሳ ስትሄድ ሳጥኖቹን አውርዶ ወለሉ ላይ ለሁለት ከፍሏቸው አገኘችው። በግራ የሚቆዩት፣ በቀኝ የሚጣሉት። በግራ በኩል ያለው ክምር ወገቧ ድረስ ይደርሳል። በቀኝ በኩል አራት ሳጥን አለ። ስታየው ጊዜ ጎንበስ ብሎ ከአራቱ አንዱን አነሳ፣ አገላበጠው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ከዚያ ወደ ግራው ወሰደው።

«ሦስት ሆነ» አለችው። «በዚህ አያያዝህ እማዬ የምትገባው በቀጣዩ ዓመት ነው።»

«ነገ እጨርሳለሁ።»

«ነገ ካልጨረስክ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«እጅሽን እንዳታስገቢ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ፊቱ ግን ጠቁሮ ነበር።

እሷ ግን የቤቱ ትርፍ ቁልፍ አላት። ረቡዕ እሱ ሥራ እንደገባ ካውያዋን በፌስታል ይዛ መጣች። እውነቱን ለመናገር ልትጥላቸው አልነበረም የመጣችው፤ ይሄን እኔ አምናታለሁ። ያሰበችው፣ ሳጥኖቹ ታጥፈው ቢነጠፉ ሁሉም እናቷ አልጋ ሥር ይገባሉ የሚል ነው። አንዱን ፈታ አጠፈችው። አልተኛም፤ የድሮ ካርቶን ስለሆነ ማጠፊያው ላይ ጎብጦ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው የጎበጠ ነገር ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጨርቅ አርጥባ ከላይ አለበሰችውና ካውያውን አሳረፈችበት።

ልክ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ተኛላት። ደስ አላት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ተኮሰች፤ እንዲያውም ማንጎራጎር ጀምራ ነበር። አሥራ አንድ ሳጥን ከተኮሰች በኋላ የማጣበቂያ ሽታ አፍንጫዋን መታት። ጨርቁን ገልበጥ ስታደርገው የእሳት አደጋ መኪናው ቀይ ቀለም ጨርቁ ላይ ነው። ባቡሩም፣ አውቶቡሱም፣ ሁሉም ጨርቁ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የቀረው ግራጫ ጥላ ብቻ ነበር፣ መገጣጠሚያዎቹም አንድ በአንድ እየተላቀቁ ይከፈታሉ።

ለምን በጊዜ እንደወጣ አላወቀችም። ቀና ስትል በሩ ላይ ቆሟል።

«በካውያ?» አለ።

«እንዲተኙልኝ ብዬ ነው።»

«በካውያ!»

ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ባዶ ካርቶን ነው እኮ! ምን ሆንክ፣ ሰው የሞተ ይመስል!»

አልጮኸባትም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ከኪሱ የማተሚያ ቤት ምላጩን አወጣና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ሳጥን ላስቲክ ቀደደ፣ ሳጥኑን በአራቱ ማዕዘን ሰንጥቆ ዘረጋው፣ ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰያፍ ቆረጠው። ሁለተኛውን አነሳ።

«ጋሼ፣ ያልተተኮሱት ደህና ናቸው እኮ።»

«ሁሉም ይጣላል። ጣል አይደል ያልሽኝ?»

«ታዲያ ለምን ትቆራርጣቸዋለህ?»

«ሌላ ሰው አንስቶ እንዲወስዳቸው አልፈልግም። አውጪ።»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ያለ ሌላ ቃል ሠሩ። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ በክንዷ ታቅፋ ወደ ግቢው ታወጣለች። ጎረቤቱ የሆነች ጡረተኛ ነርስ በረንዳዋ ላይ ሆና «ምነው፣ ጋሼ ካርቶን ዛሬ ሊያገባ ነው እንዴ፣ ቤቱን የምታጸዱት?» ብላ ሳቀች።

«ሊቀበር ነው» አለቻት እህትየዋ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሰምቷል። የምላጩ ድምፅ ለአፍታ ቆመና እንደገና ቀጠለ።

ክፍሉ ባዶ ሆነ። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ አወረደች፤ ብርሃን ገባ፣ ግድግዳው ላይ የሳጥኖቹ ቅርጽ ነጭ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ለእናታቸው የሚሆነውን አልጋ ጎትተው አስገቡ። ፍራሹን ስታነጥፍ ልቧ ቅቤ ጠጣ፤ ይሄን ለእኔ ስትነግረኝ እንኳ አልደበቀችውም። አሸንፋዋለች። እማዬ ነገ ከመስኮቱ ሥር ትተኛለች።

ከዚያ አንድ ሳጥን አየች። ከበሩ ጀርባ፣ በላስቲክ ሳይሆን በቢጫ ጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ቆሞ።

«ያስ?»

«ያ ይቆያል።»

«ሁሉም ብለሃል።»

«አንቺ፣ አትንኪው አልኩሽ!»

የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። መጮሁ ነው ያጠፋው፤ ባይጮህ ትተወው ነበር። ቀድማው አነሳችው፣ እሱ ጋዜጣውን ያዘ፣ ጋዜጣው ተቀደደ፣ ሳጥኑ እጇ ላይ ቀረ።

ሮዝ ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ የላስቲክ መስኮት አለው። ከታች በኩል ጥግ ላይ አንድ ሕፃን በሰማያዊ እስክሪብቶ ቤት ሥሏል፤ አንድ መስኮት፣ ጠማማ በር። ያን ቤት የሣለችው እሷ ናት።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ከመጨረሻው ጉዟቸው ለእሱ መኪና፣ ለእሷ ፀጉሯ የሚበጠር አሻንጉሊት አመጡላቸው። በወሩ ሞቱ። ከቀብሩ በኋላ አሻንጉሊቷ ከነሳጥኗ ጠፋች። «አውቶቡስ ላይ ረስተሻት ነው» አሏት። እናቷ የአባታቸውን ቀበቶ ከሚስማሩ አውርደው ገረፏት፤ «የአባትሽን የመጨረሻ ስጦታ!» እያሉ። እሱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ ዳቦ ይበላ እንደነበር ታስታውሳለች። እሷ ራሷም አመነችው። አርባ አራት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ላይ የረሳችው እሷ እንደሆነች ታውቅ ነበር። ቀጠሮ ስትረሳ፣ መቀስ ሲጠፋባት፣ «እኔ ድሮም ዝርክርክ ነኝ» የምትለው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ሳጥኑን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ውስጡ ባዶ ነው። የአሻንጉሊቷን እጆች ያሰሩት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ሳይቆረጡ፣ በጥንቃቄ ተፈተው፣ ካርቶኑ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሳጥኑ አንድም ቦታ አልተጨማደደም። ከላይ ማሸጊያው እንዳለ ነው። በሥሩ በኩል በምላጭ ተከፍቷል።

«እማዬ ገረፈችኝ» አለች። «አንተ ቆመህ እያየህ።»

ምላጩን ዘጋ።

«አሻንጉሊቷስ? አሻንጉሊቷን ምን አደረግካት?»

ምላጩን ኪሱ ከተተ። ሳጥኑን አልቀማትም፣ ዓይኗንም አላየም።

«እሱን ጥያቄ አልመልስልሽም» አለና የተቀደደውን ጋዜጣ ሊለቅም ጎንበስ አለ።