ሆዱ የገባው ጀሪካን

«ይሄን የምታቀርቢው ለሳይንስ ሰው ነው ወይስ ለባለሱቅ?»

በስልክ ነው የጠየቀኝ፤ በኦንላይን ሳይንስ የሚያስተምር ድርጅት ኃላፊ ነው። ፊዚክስ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ወራት አልፈዋል። እሱ ጋ የአስተማሪ ቦታ ተገኘ፤ ፈተናው ለተማሪዎቹ በኦንላይን የሚቀርብ አንድ የቀጥታ ገለጻ ነው። ስለ አየር ግፊት ነው የማቀርበው፣ በባዶ የዘይት ጀሪካን እጀምራለሁ ብዬ ጽፌ ላክሁለት። ያን አንብቦ ነው የደወለው።

አባቴ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ባለሱቅ ናቸው። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን ሥራውን ፈልጌው «እሺ፣ አስተካክላለሁ» አልኩት። እስካሁን ያናድደኛል።

ሠላሳ ሁለት ስላይድ ሠራሁ። ቀመር፣ ግራፍ፣ የእንግሊዝኛ ትርጓሜ፣ ምናምን። ሱቅ ውስጥ አባባን የዱቄት ጆንያ ላይ አስቀምጬ ተለማመድኩባቸው። ጨርሼ ቀና ስል፣

«ማሻአላህ! አንደበትሽ ያምራል» አሉ። «ምን አልሽ ግን?»

«አባባ! አልሰሙኝም እንዴ?»

«ወላሂ ሰምቻለሁ። አንቺ ራስሽ የገባሽ አትመስይም እንጂ።»

ተናደድኩ፤ ልክ ስለነበሩ ነው የተናደድኩት። ላፕቶፑን ከደንኩት።

«እሺ፣ ይንገሩኝ። ኮምቦልቻ ዘይት ሊያመጡ ይዘውት የሚወርዱት ባዶ ጀሪካን፣ እዛ ሲደርስ ሆዱ ለምን ይገባል?»

«ሹፌሩ ነዋ! ሰው ያስቀምጥበታል። ስንቴ ተጣላሁት!»

በማግስቱ ገለጻውን የማቀርበው ኮምቦልቻ፣ እህቴ ቤት ሆኜ ነበር፤ ኔትወርኩ እዛ ይሻላል። አባባም ዘይት ሊያመጡ አብረውኝ ሊወርዱ ነው። ጠዋት ጀሪካኑን ፊታቸው ክዳኑን ግጥም አድርጌ ዘጋሁና «ራስዎ ይያዙት» አልኳቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ታቅፈውት ተቀመጡ። ቁልቁለቱን ስናጋምስ ጀሪካኑ ጓ! ብሎ ሆዱ ገባ።

«ማንም አልነካውም!» ብለው ጮኹ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ።

«አየሩ ነው የጨመቀው» አልኳቸው። «ደሴ አየሩ ሳሳ ይላል። ስንወርድ ከላያችን ያለው አየር ይጨምራል፣ ይከብዳል። ጀሪካኑ ውስጥ ግን የዘጋንበት የደሴው አየር ብቻ ነው ያለው። የውጪው በረታበት።»

ጀሪካኑን አገላብጠው አዩት። «ታዲያ ያን ሹፌር በከንቱ ነው ያስቀየምኩት በይኛ» አሉ።

ገባቸው። በቃ፣ ስላይዱ እዛው ቀረ።

ሰዓቱ ደርሶ ካሜራዬን ስከፍት ጀሪካኑን ፊቴ ደቀንኩት። «ደሴ ላይ ዘግቼው ነው የመጣሁት። ማንም አልተቀመጠበትም፤ ምስክር አለኝ።» ክዳኑን ስከፍተው አየር ስቦ ሆዱ ተመልሶ ወጣ። አንዱ ተማሪ «የኔም የውኃ ጠርሙስ እንዲህ ይሆናል!» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ «ወደ ላይ ስንወጣስ?» አለች። ጥያቄው ተከታተለ።

ያኔ ኃላፊው ማይኩን ከፈተ።

«ስላይዱ የታለ? አስተካክላለሁ ብለሽኝ አልነበር? ይሄ ለማን ነው?»

ሁሉም ይሰማል። አባባ ከካሜራው ጎን ሆነው «ተይ፣ እሺ በይው፣ ሥራሽን እንዳታጪ» እያሉ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። አልተውኩም።

«ለባለሱቅ ነው» አልኩ። «አባቴ ናቸው፣ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ጀሪካኑ ገብቷቸዋል፣ ሠላሳ ሁለቱ ስላይድ ግን አልገባቸውም። ቦታውን መስጠትም መከልከልም የእርስዎ ነው። እኔ ግን ስላይዱን አልከፍተውም።»