ፈቃድ ስንጠብቅ

ልጅ ሆኜ፣ ነቀምት ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች ሁላችን ሮጠን የምንሄደው ወደ ጎረቤታችን ወደ ኦቦ ታሲሳ ቤት ነበር። ኦቦ ታሲሳ በወጣትነታቸው ሰማያዊ ቆብ አጥልቀው፣ ከብዙ አገር ወታደሮች ጋር የሰው አገር ሰላም ሲያስከብሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ያኔ በረንዳቸው ላይ ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ እየጠበሱልን፣ ፊታቸው በኩራዙ ብርሃን ግማሹ ቀልቶ ግማሹ ጠቁሮ፣ የጅብና የቀበሮ ተረት ያወሩልን ነበር፤ እኛ ግን የጦር ሜዳውን ካላወሩልን ብለን እንነዘንዛቸዋለን።

አንድ ምሽት እሺ አሉን። ከጦር ሰፈራቸው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ የሌላ አገር ጓዶቻቸው የሚጠብቁት መንደር ነበር። ታጣቂዎች ከበቡትና በሬዲዮ «ድረሱልን» የሚል ጥሪ መጣ። የእነ ኦቦ ታሲሳ መኪኖች ሞተራቸው ተነስቶ ቆሙ። አዛዡ የበላዩን ጠየቀ፤ የበላዩ ደግሞ ወታደር የላኩትን መንግሥታት ጠየቀ፤ አንዱ ይሂዱ ሲል ሌላው ይቆዩ እያለ ቀኑ መሸ። ፈቃዱ የመጣው በማግስቱ ነው።

«ስንደርስ የሚጠብቀን ሰው አልነበረም» አሉና ከሰሉን በእንጨት ይቆሰቁሱ ጀመር።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከልጆቹ ሁሉ ምላሰ ፈጣኗ እኔ ነበርኩ። «ታዲያ ፈርታችሁ ነዋ የቀራችሁት!» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። ኦቦ ታሲሳ አልተቆጡም። «ይሆናል፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ውትድርናቸው አንድም ቀን አላወሩልንም።

ካደግሁ በኋላ እዚያው ነቀምት፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የመኪና ስምሪት ኃላፊ ሆንኩ። በጊዳ አያና በኩል ግጭቱ የበረታ ሰሞን ሰናይት ደወለችልኝ። ሰናይት የኮሌጅ ጓደኛዬ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው።

«እማዬ መራመድ አትችልም። አንድ መኪና ብቻ ላኪልን» አለችኝ።

ቁልፎቹ ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ፤ ሾፌሩም እሄዳለሁ ብሎ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ግን አለቃዬን ጠየቅሁ፤ አለቃዬ አዲስ አበባን ጠየቀ፤ አዲስ አበባ ደግሞ የሚረዱንን አገሮች ላማክር አለ። ሰናይት መልሳ ስትደውል «ፈቃድ እየጠበቅን ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ የደወለችውን አላነሳሁም።

እሷ በእግሯ ወጣች። እናቷ አልወጡም።

ባለፈው ክረምት ኦቦ ታሲሳ ዲጋ፣ ልጃቸው ቤት መሆናቸውን ሰምቼ ሄድኩ። በልጅነቴ ስለተናገርኳቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ፈገግ አሉ።

«እሱን ብለሽ ነው ከነቀምት ድረስ የመጣሽው? አንቺ ባትዪኝም እኔ ለራሴ ስለው ነው የኖርኩት።» ከዚያ ትክ ብለው አዩኝ። «ሌላ የሆንሽው ነገር አለ እንዴ?»

«ኧረ የለም፣ ኦቦ» አልኳቸው።

የነገሩንን ተረት አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። አሁን አሁን የማስበው ያን ምሽት ስለ ተናገሩበት ድፍረት ነው። እሳቸው የሚያሳፍራቸውን ነገር ለሚስቅባቸው ሕፃን እንኳ አልደበቁም። እኔ ግን ይኸው ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ሊፈርዱብኝ በማይቃጡ ሽማግሌ ፊት አፌን ይዤ ተመለስኩ።