አራት ቁጥር የተቀመሰበት ቀን

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ግማሹ ያለቀው አንድ የወይን ሐረግ ፊት ቆሜ ነው። ጊዜው ደርግ ነበር። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ የችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኛነት እንደተቀጠርኩ መግረዣ መቀስ ሰጡኝና ወደ ወይኑ ክፍል ላኩኝ። ደህናውን ቅርንጫፍ መቁረጥ አሳዘነኝ። ጫፍ ጫፉን ስነካካ የክፍሉ ባለሙያ ወይዘሪት ሰብለ መጣች።

«ሁለት ዓይን፣ ማለት ሁለት እንቡጥ፣ አስቀርተህ ቁረጠው» አለችኝ።

«ይሞትብኛል ብዬ ነው።»

«አይሞትም። ካልቆረጥከው ቅጠል እንጂ ፍሬ አታይም።»

መቀሱን ተቀብላ ሦስት ቅርንጫፍ ቆርጣ አሳየችኝ። አራተኛውን እኔ ቆረጥኩ። «አንቱ አትበለኝ፣ ያስረጀኛል» ያለችኝም የዚያኑ ቀን ነው።

ሰብለ ወይን የተማረችው ቡልጋሪያ ነው። ስትመለስ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለሉ የአራት ዓይነት ወይን ቁርጥራጮችን ይዛ መጣች። እኛ አገር የሚያውቃቸው አልነበረም። ስማቸው ለአፍ ስላስቸገረን በቁጥር እንጠራቸው ነበር። አራት ቁጥር የምንለው ስሙ ማቭሩድ ነው። ፍሬው ጥቁር፣ ቆዳው ወፍራም ሆኖ ከሁሉም ዘግይቶ ይደርሳል። ሰብለ አብልጣ የምትወደው እሱን ነበር፤ እያደር እኔም ወደድኩት።

በስድስት ዓመት ውስጥ ከቀን ሠራተኛነት ወደ ቋሚነት፣ ከዚያም ወደ ክፍሉ ፎርማንነት አደግኩ። ፍሬ መድረሱን በዘሩ ማወቅ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ፍሬውን ጨምቀህ ታየዋለህ፤ ዘሩ አረንጓዴ ከሆነ ጥሬ ነው፣ ቡናማ ሆኖ ጥርስ ሥር ቀጭ ካለ ደርሷል።

ከፍሬው ለሙከራ የምንጠምቀውን ወይን ጠጅ ግን ቀምሼው አላውቅም። ቤተሰባችን ፕሮቴስታንት ነው፤ መጠጥ ቤታችን አይገባም። ሠራተኞቹ «የማይጠጣው ጠማቂ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሰብለ አንድ ቀን እንኳ ቅመስ ብላኝ አታውቅም። በየዓመቱ ጭማቂው ከመፍላቱ በፊት አንድ ብርጭቆ ቀድታ «ይሄ ያንተ ነው» ትለኝ ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ግርማ ይባላሉ። ለእኔ ክፉ ሰው አልነበሩም። የጸሎት ቤታችን ሲታሸግ ጎረቤቶቻችን እኔ ቤት ተሰብስበው እንደሚጸልዩ ያውቃሉ፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በዚያ ጊዜ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

አንድ ጥር ወር ላይ ሰብለ ለአንድ ወር ኮርስ አዲስ አበባ ሄደች። ሦስቱ ዓይነቶች ደርሰዋል፤ አራት ቁጥር ገና ነበር። አቶ ግርማ ጠሩኝ።

«ነገ ሠራተኛው በሙሉ ለዘመቻ ይፈለጋል። ዛሬ ሁሉንም አስለቅም።»

«አራት ቁጥር ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፣ ጋሼ። ዘሩ አረንጓዴ ነው።»

«ወፍ ከሚጨርሰው ይለቀም።»

ለቀምነው፤ ጨመቅነው፤ ደሚጃን በሚባለው ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ከተትነው። አቶ ግርማ መዝገቡ ላይ የአራት ቁጥርን የለቀማ ቀን በሁለት ሳምንት ገፍተው ጻፉት። «ልጅቷ ስትመጣ ጭቅጭቅ አልፈልግም» አሉኝ። ሰብለ ተመልሳ ከደሚጃኑ ቀመሰች። መዝገቡን ገልጣ አየች፤ መልሳ ዘጋችው።

ሚያዝያ ላይ፣ በልጉ እየዘነበ፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የወይን ጠጅ ቅምሻ ለሕዝብ ተዘጋጀ። ሕዝቡ የመረጠው ተክል ተባዝቶ ለቦኖሻ አካባቢ ገበሬዎች ይከፋፈላል፤ ያልመረጠው ይነቀላል ተባለ። አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ፣ ከዱራሜና ከዶዮገና የተጠሩት የገበሬ ማኅበር ሰዎች ሁሉ መጡ። ፕሮቴስታንቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ለስላሳ ይጠጣሉ። እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ እቀዳለሁ።

ሰብለ አቀማመሱን አስረዳች። «መጀመሪያ አሽትቱት። አፋችሁ ውስጥ አንከባልሉት። ከዚያ ባልዲው ውስጥ ትፉት።»

የጠጅ ቤት ባለቤቷ እትዬ ዘነበች ከፊት ተነሡ። «ልተፋው ነው እንዴ እንዲህ ለብሼ የመጣሁት?» አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከዚያ በኋላ የተፋ ሰው አላየሁም።

ሁለት ቁጥር ጣፋጭ ስለሆነ ሁሉም ወደደው። አራት ቁጥር ሲደርስ ፊቶች ተኮሳተሩ። «ጥርሴን አጠረሰኝ!» አለ አንዱ አስተማሪ። የአውራጃው አስተዳዳሪ ብርጭቆውን ወዲያ ገፉት። «ይሄስ ኮምጣጤ ነው።»

እትዬ ዘነበች ግን እንደገና አስቀዱኝ። አፋቸው ውስጥ አቆይተው ዋጡት። «ገና ልጅ ነው ይሄ። ክፉ አይደለም፤ ቸኩላችሁበታል።»

ሰብለ ወዲያው ወደ እኔ ዞረች። «ጴጥሮስ፣ ያስለቀምከው አንተ ነህ። ሲለቀም ዘሩ ምን ይመስል ነበር?»

አቶ ግርማ ፊት ወንበር ላይ አቀርቅረው ጫማቸውን ያያሉ። ቤቴ ለጸሎት የሚመጡት ሰዎች ታወሱኝ። ሦስቱ ልጆቼ ታወሱኝ።

«እንደ መዝገቡ ነው» አልኩ።

ትንሽ አየችኝ። «እሺ» አለችና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። እጅ ሲቆጠር ለአራት ቁጥር የተነሣው የእትዬ ዘነበች እጅ ብቻ ነበር።

ግንቦት ላይ እንድነቅለው ታዘዝኩ። ግንዱ የሰው ክንድ አክሏል። ሥሩ ጠልቆ ስለሄደ በዶማ አራት ቀን ፈጀብን። ሰብለ ወደዚያ መስመር አልመጣችም። በዚያው ወር ዝውውር ጠየቀች፤ ተፈቀደላት።

ሻንጣዋን ይዤ መናኸሪያ ሸኘኋት። ተሸካሚው ዕቃዋን አውቶቡሱ ጣራ ላይ ሲያስር እውነቱን ነገርኳት። ቀኑን፣ ዘሩን፣ መዝገቡን ሁሉ።

«ቀምሼዋለሁ እኮ፣ ጴጥሮስ። መቼ ጠፋኝ» አለች።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔማ የራሷን ተክል ታድናለች እባላለሁ። የለቀመው ሰው ቢናገር ግን ይሰሙት ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ለምን ዝም እንዳልክ ይገባኛል። ልጆች አሉህ።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ከመስኮቱ እጇን አወጣች፤ እኔም አነሣሁ። በኋላ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩላት። መልስ አልመጣም።

አራት ቁጥር በነበረበት ቦታ የቡና ችግኝ አፈላን። እዚያው ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ በወይኑ መሐል ስትሄድ፣ የደረሰ ዘለላ ስታገኝ ስሜን ስትጣራ፣ እስከ ዛሬ በዓይኔም በጆሮዬም አለች። ያቺ ሴትም ያ ተክልም ይናፍቁኛል። አራት ቁጥር በሰዓቱ ቢለቀም ምን እንደሚሆን እሷም እኔም ሳናየው ቀረን።

አሁን በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። በእጃችሁ ስለሠራችሁት ነገር ስትጠየቁ ያያችሁትን ተናገሩ። የምትናገሩትም በተጠየቃችሁበት ቀን ይሁን። እኔ ከአንድ ወር በኋላ ተናገርኩ፤ ያኔ ተክሉ ተነቅሎ ነበር።