ለኤሊዋ የተፈቀደ አሸዋ

ግንበኛው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ቤቱ የገባው በውስጥ ሱሪ ነው። ከሥራ ሲመለስ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣና በሩ ላይ ይቆማል። ጫማውን ያወልቃል፣ ካልሲውን ገልብጦ ያራግፋል፣ ከዚያ ሱሪውን አውልቆ በደረጃው መስኮት በኩል ወደ ውጭ ያራግፋል። ይኼኔ ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ከጉልበቱ በታች ትመረምረዋለች። ቁርጭምጭሚቱ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ካየች በሩ ተመልሶ ይዘጋል። ጎረቤቶች መጀመሪያ ሰሞን አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚያልፉት፤ ኋላ ለመዱት። አሁን ቆመው ስለ ውሃ መቆራረጥ ያዋሩታል፤ እሱም ሱሪውን ክንዱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይመልስላቸዋል።

ሚስቱን ሰፈሩ «እትዬ ሳሙና» ይላታል። ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ የሰው ቤት ልብስ ማጠብ ከጀመረች ወዲህ እጇ ደርቆ አያውቅም። የሰው ልብስ፣ የሆቴል አንሶላ፣ የሆስፒታል ኮሪደር፣ ሁሉም በእሷ እጅ አልፏል። ቤቷ ውስጥ ሳሙናው ራሱ ይታጠባል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ አንድ ወር ሙሉ አጥፍታለች፤ ያንን ወር ባልና ሚስቱ በግምት ነው የኖሩት። ልጅ አልወለዱም። ግንበኛው ሲቀልድ «እግዜር ሊሰጠን አስቦ ነበር፤ ይህቺ ሴትዮ አጥባ ትጨርሰዋለች ብሎ ተወው» ይላል። እሷ አትስቅም፣ አትቆጣምም። ጉልበቷን ይዛ ተነሥታ ወደ ባልዲዋ ትሄዳለች።

ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የምትሠራው አንድ አዛውንት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው። ሐኪሙ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ በትልቅ የመስታወት ገንዳ የሚያኖሯት ኤሊ አለቻቸው። የዚህች ኤሊ ጀርባ እንደ ሌሎቹ ድንጋይ አይደለም፤ የረጠበ ቆዳ የመሰለ፣ ጠፍጣፋና ለስላሳ ነው። አፍንጫዋ እንደ ቀጭን ቱቦ ወደ ፊት ወጥቷል። ቀኑን ሙሉ አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ትውላለች፤ አየር ሲያምራት አንገቷን እንደ ገመድ ለቃ አፍንጫዋን ብቻ ከውሃው በላይ ብቅ ታደርጋለች። ፊቷን ስለምትሸፍን ሐኪሙ «ሙሽሪት» ይሏታል። መሰርሰሪያው የሚጮኽበትን በር እያዩ የሚንቀጠቀጡ በሽተኞች፣ ሙሽሪት አፍንጫዋን እስክታወጣ ሲጠብቁ ጥርሳቸውን ይረሳሉ።

እትዬ ሳሙና ገንዳውን እንዳትነካ ተከልክላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን አሸዋ ባየች ቁጥር ጨርቋን ትጨምቃለች። ሐኪሙ ሚስት የሌላቸው ሰው ናቸው፤ የሚያጸዳላት አጥታ እንስሳዋ ቆሻሻ ውስጥ ተቀብራ ቀረች ብላ ነው የምታስበው።

አንድ ቀን ሐኪሙ ጓንታቸውን እያወለቁ ጠሯት።

«እትዬ፣ ክሊኒኩ ሊታደስ ነው። እኔም ሁለት ወር ታላቅ ወንድሜ ዘንድ እሰነብታለሁ። ሙሽሪትን ቀለም ሽታ ውስጥ ጥያት አልሄድም።»

«ታዲያ ማን ሊወስዳት ነው?»

«የቤታችን መታጠቢያ ገንዳ ሰፊ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

ብላ ነበር። የምትኮራበት ንብረቷ እሱ ብቻ ስለሆነ ለሁሉም ሰው ብላለች።

«ዶክተር፣ እኔ እንስሳ አሳድጌ አላውቅም።»

«ሁሉንም ወረቀት ላይ እጽፍልሻለሁ። ወረቀቱን መከተል ብቻ ነው።» ጓንታቸውን ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። «እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው እትዬ። ጠዋት ጠዋት እዚህ የምመጣው ለሰው ጥርስ ብዬ አይደለም። እሷ አንድ ነገር ብትሆን ያንን በር ተመልሼ አልከፍተውም።»

እሳቸው በሩን ካልከፈቱ እሷ የምትወለውለው ወለል የለም። በሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ ጉልበቷ ባጎነበሰች ቁጥር ቋ እያለ፣ ማን ይቀጥራታል? ኤሊዋ ከሞተች ሥራዋም አብሯት ይቀበራል።

የመስታወቱ ገንዳ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ አልሆነምና ሙሽሪት በባልዲ መጣች። እትዬ ሳሙና መታጠቢያ ገንዳዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ዘረጋች። የመጀመሪያው መስመር «ውሃዋ ሁልጊዜ ንጹሕ ይሁን» ይላል። ልቧ ሞላ። ሁለተኛው «ከሥር መላ ሰውነቷን የሚሸፍን ደቃቅ አሸዋ ይነጠፍ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው።

«ይሄን ደክሟቸው ነው የጻፉት» አለች።

«አሸዋ ከተባለ እኔ አለሁ» አለ ግንበኛው፣ በውስጥ ሱሪው ከኋላዋ ቆሞ። «ይሄ ቤት የሚፈልገው ነገር ኖሮኝ የማውቀው ዛሬ ነው።»

«አንተ ዝም በል። ንጹሕ ይሁን ተብሎ ከሥሩ አሸዋ ጨምሩበት ይባላል? ከሁለት አንዱን ነው መከተል።»

አንዱን ተከተለች።

የቀረውን አላጓደለችም። ወረቀቱ ሙቀትና ብርሃን ያስፈልጋታል ስላለ አምፖሉን ከላይ አንጠለጠለች። ወጥታ የምትሞቅበት ሳንቃ አደረገችላት። ከታች ካለው ዓሣ ሻጭ ትናንሽ ዓሣ እየገዛች ታመጣላታለች። ሙሽሪት ትናከሳለች ተብሎ ስለተጻፈ የምታነሣት ከኋላ ጠርዟ ይዛ ነው። ችግሩ፣ የምታነሣት በየቀኑ መሆኑ ነው። ጠዋት ገንዳውን በበረኪና ትፈትጋለች፣ አዲስ የቧንቧ ውሃ ትሞላለች፣ ከዚያ ክሊኒኩ ለበሽተኞች በነጻ በሚያድለው የጥርስ ብሩሽ የሙሽሪትን ጀርባ በሳሙና ትፍቃለች። ጀርባዋ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች እድፍ መስለዋት አንዱ ላይ ብቻ አራት ቀን ደከመች።

«እስቲ ተያት፤ መልኳ ነው» አለ ግንበኛው።

«መልክ ከሆነ ለምን እኩል አልሆነም?»

ግንበኛው ወጥ ቤት ገብቶ በባልዲ ገላውን ታጠበ። የቤቱ ገንዳ ሙሽራ ስለገባበት ባልና ሚስቱ የሚታጠቡት ድስት ከሚታጠብበት ቦታ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሙሽሪት መብላት አቆመች። ቀኑን ሙሉ የገንዳውን ወለል በጥፍሯ ትቧጥጣለች፤ ድምፁ ጫር ጫር እያለ እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማል። ልትገባበት የምትፈልገው ነገር አለ፤ ወለሉ ግን እንደ ሳህን ነጭ ሆኖ ያበራል። ጀርባዋ ላይ ነጫጭ ቁስል ወጣ፣ ሆዷ ቀላ። እትዬ ሳሙና ነጩን ስታይ ሳሙናው በደንብ ያልለቀቀ መስሏት ደግማ አጠበቻት።

ዓሣ ሻጩ ደንበኛው ስትጠፋበት አንድ ቀን እጁን እየጠራረገ ወጣ። የቀኝ ሌባ ጣቱ ጫፍ የለውም። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይሄን ጣት የወሰደው የእሷ ዘመድ ነው» አለ። «መረብ ሳወጣ። እንግዲህ ሥጋ ዘመዳሞች ነን ማለት ነው። ለምንድነው ቤቱ ሆስፒታል ሆስፒታል የሚለው?»

«በረኪና ነው።»

«አሸዋዋስ?»

«ቆሻሻ እዚህ ቤት አይገባም።»

ዓሣ ሻጩ ቀና ብሎ አያት። «እትዬ፣ አንቺን ራቁትሽን አደባባይ ቢያቆሙሽ ምሳ ይበላልሻል?»

«እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ራቁቴን ቆሜ እራቴን እበላለሁ» አለ ግንበኛው ከበሩ።

«አንተ ጠንካራ ነህ። እሷ ግን ልብሷ አሸዋው ነው። ካልለበሰች ያየችው ሁሉ የሚበላት ይመስላታል። ቆዳዋ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይተነፍሳል፤ አንቺ በረኪና ታስተነፍሻታለሽ። ድንጋይ የላትም እኮ፤ ስትፍቂው ይቆስላል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲህ ሆና ብዙ አትሰነብትም።»

እትዬ ሳሙና ሙሽሪትን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላ ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጠች። የእንስሳት ሐኪሙ ቅባት ሰጣት፤ ቀባብታ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ከውሃ ውጭ አምፖሉ ሥር እንድታቆያት፣ ውሃውንም አንድ ቀን በባልዲ አሳድራ እንድትጠቀም ነገራት። «በምን ነበር ያጠብሻት?» ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ ጥቂት ጊዜ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

የዚያን ቀን ግንበኛው ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለ።

«አሸዋ አምጣ» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተሃል።»

«ጎረቤት እንዲሰማ አንዴ ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። ሁለት በሮች ተከፈቱ።

ከዚያ በኋላ ግንበኛውን የሚችለው ጠፋ። የግንብ አሸዋ ስለታም ነው፣ የተፈጨ ድንጋይ አለበት ብሎ ጣለው። ከወንዝ ዳር ደቃቁን አምጥቶ ሁለት ጊዜ በወንፊት ነፋው። ከዚያ እደረጃው ላይ ሸሚዙን አውልቆ አሸዋው ላይ በሆዱ ተኛና ወዲያና ወዲህ ተንፏቀቀ። ከአራተኛ ፎቅ የምትወርድ ሴትዮ ከነዘንቢሏ ቆማ ጠበቀችው።

«ሆዴን ካልቧጨረ ሆዷን አይቧጭርም» አላት ቀና ብሎ።

ማጠቡ የእትዬ ሳሙና ድርሻ ሆነ። አሸዋ ታጥቦ እንደሚጠራ አታውቅም ነበር። አሥራ አራት ውሃ ቀየረች። በአሥራ አራተኛው ውሃው እንደ መስታወት ሆነ፤ እጇን ከሥር ሰዳ አሸዋውን ዘገነችና ረጅም ጊዜ ያዘችው። ገንዳው ውስጥ ስትገለብጠው ግን ዓይኗን ጨፈነች። ውሃውን ደግሞ በልክ አደረገች፤ ወረቀቱ እንደሚለው ሙሽሪት ከአሸዋው ሳትነሣ አንገቷን ብትዘረጋ አፍንጫዋ አየር እንዲያገኝ።

ሙሽሪት ሁለት ጊዜ ተወዛወዘችና ጠፋች። ጫር ጫር ማለቱ ቆመ። ቤቱ ጸጥ ሲል ሁለቱም ደነገጡ።

«ለእሷ አሸዋ ከተፈቀደ» አለ ግንበኛው ቀስ ብሎ፣ «እኔ ደግሞ ከነጫማዬ ብገባስ?»

«ሆድህ ቀልቷል?»

«አልቀላም።»

«ጀርባህ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል?»

«አልወጣም።»

«እንግዲያው አውልቅ።»

በአምስተኛው ቀን ሙሽሪት ከአሸዋው ውስጥ አንገቷን ወርውራ አንድ ዓሣ ነጠቀች።

ሁለት ወሩ ሲሞላ ሐኪሙ የመጡት ሻንጣቸውን እንኳን ቤታቸው ሳያደርሱ ነው። መታጠቢያ ክፍሉ ገብተው ገንዳው ውስጥ ተመለከቱ። የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው፤ እትዬ ሳሙና ያን ቀን ጠዋት በባሏ የልስን ማለስለሻ ደልድላው ስለነበር አዲስ መቃብር ይመስላል።

«የታለች?» አሉ ሐኪሙ።

«አለች» አለች፤ ግን እሷም እየፈለገች ነበር። አምፖሉ ብቻ ዝዝ ይላል። ሐኪሙ ተንበርክከዋል፤ ግንበኛው በውስጥ ሱሪ በሩ ላይ ቆሟል። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው እንኳ ማታ ሊሞት እንደሚችል አሰበች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወለወለችው ወለል ዓይኗ ላይ መጣ፤ እያንዳንዱን ሸክላ ታውቀዋለች።

ውሃው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ሁለት ቀዳዳዎች ብቅ አሉ። ተነፈሱ። ቀጥሎ አንገት መጣ፤ ከዚያ ሙሽሪት ተራግፋ ወጥታ ሳንቃዋ ላይ ተዘረጋች። ጀርባዋ ላይ ያለው ጠባሳ አምፖሉ ሥር ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ይሄ ምንድነው?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ግን ውሸትም ጉልበት ይጠይቃል። «አጥቤያት ነው፣ ዶክተር።»

«በምን?»

«በጥርስ ብሩሽ።»

ሐኪሙ ወደ ጠባሳው ተጠጉ። «በጠንካራው ነው በለስላሳው?»

«በለስላሳው።»

«ወደ ጎን እየጎተትሽ?»

«ክብ ክብ እያደረግሁ። እርስዎ ለበሽተኞቹ እንደሚሉት።»

ሐኪሙ የገንዳውን ጠርዝ ይዘው ተነሡ። «አርባ ዓመት ስናገር» አሉ፣ «ለካ አንድ ሰው ሰምቶኛል።» በሳምንቱ ክሊኒኩ ተከፈተ።

ግን የታደሰው ክሊኒክ ውስጥ ሙሽሪት እንደገና አልበላ አለች። የመስታወቱ ገንዳ ከሥሩ ቀይና ሰማያዊ ድንጋይ ተደርድሮበታል፤ ቤቱን ያሳመረው ባለሙያ ነው ያስገባው። እትዬ ሳሙና ሦስት ቀን ታግሣ በአራተኛው ወረቀቱን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። ጠርዙ ተበልቷል።

«ዶክተር፣ ሦስተኛው መስመር። "ድንጋይና ጠጠር አይግባ፤ ይቧጭራታል።" የማን እጅ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው። ግን ባለሙያው ለዓይን ያምራል ብሎ...»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም ይዣለሁ። ያውጡት።»

አወጡት። ጓንታቸውን አጥልቀው፣ አንድ ድንጋይ ሳያስቀሩ፣ ሁለት በሽተኞች አፋቸውን ይዘው እየጠበቁ።

ግንበኛው በማግስቱ በባልዲ የተነፋ አሸዋ ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ክሊኒኩ ውስጥ አሸዋ ማጠቢያ ቦታ ስለሌለ እዚህ ነው የሚታጠበው። በሩ ተከፈተ። እትዬ ሳሙና ባልዲውን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ እንደ ክቡር እንግዳ፣ ወደ ውስጥ አስገባችው።

በሩ ተመልሶ ገርበብ አለ። ግንበኛው ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን ገለበጠ፣ ሱሪውን በመስኮቱ አራገፈ፤ ከዚያ ቆሞ ተራውን ጠበቀ።