የአክሱማዊት አሮጌ ዕቃ

ጋሽ ከበበው አንድ አመል ነበረባቸው፤ አሮጌ ዕቃ አይጥሉም። ጎፋ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለችው ጠባብ ሱቃቸው ብስክሌቱን ሊያሠራ የመጣ ሰው አዲስ ፔዳል ከተገጠመለት፣ የተሰበረው ፔዳል በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በማርከር ስሙ ተጽፎበት፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። «ኧረ ጋሼ፣ ይኼን ቆሻሻ ምን ላድርገው?» ሲላቸው «እኔ ምን አውቄ! ብቻ ያንተ ነው» ይላሉ። ነገሩን የጀመሩት ደንበኛ «ደህናውን ዕቃዬን ቀየሩብኝ» ብሎ እንዳያማቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ግን ሐሜቱም ተረሳ፣ አመሉ ብቻ አብሯቸው ቀረ። ባለቤቱ እስኪመጣ ዓመትም ቢሆን ይሰቀላል እንጂ ለሌላ ሰው አይሰጥም።

በዚህ አመላቸው ከሁሉ አብልጣ የምትስቅባቸው ልጃቸው አክሱማዊት ነበረች። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስላረፈች ያሳደጓት እሳቸውና ታናሽ እህታቸው ወርቅዬ ናቸው። ፋርማሲ ተምራ ላፍቶ አንድ መድኃኒት ቤት ስትቀጠር፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ከምታረፍድ ብለው የአምስት ብስክሌት ዕቃ ለቃቅመው አንድ ቀይ ብስክሌት ገጣጠሙላት። ጠዋት ቁልቁል ወደ ላፍቶ፣ አመሻሽ ላይ ሽቅብ ወደ ጎፋ። ዳገቱን ሌላው ሰው ወርዶ እየገፋ ሲወጣው እሷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እየረገጠች ትወጣውና ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ደወሏን ሁለቴ ታቃጭላለች። ጋሽ ከበበው ቀና አይሉም።

«ማነው?» ይላሉ ሆን ብለው።

«ባለ አሮጌ ዕቃ!» ትላለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አክሱማዊት ቁልቁለቱ ላይ በመኪና ተገጭታ ሞተች። ለብስክሌት ተብሎ የተሠመረው መስመር ላይ መኪና ተደርድሮበት ስለነበር ወደ ዋናው መንገድ ወጥታ ነበር፤ ይህን ያየ ሰው አለ። ግጭቱን ራሱን ያየ ግን አልተገኘም። መኪናዋ ብርማ ናት፤ ሹፌሯ ኢያቄም ይባላል። አልሸሸም፤ እሷንም በገዛ መኪናው ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው፤ ይህ አይካድበትም። ለትራፊክ ፖሊስ የሰጠው ቃል ግን «ፍሬኗ እምቢ ብሏት ከጎን መጥታ ገባችብኝ» የሚል ነበር። መኪናው ከቦታው ስለተነሣ የአደጋው ፕላን የተሣለው እሱ እንደተናገረው ነው። ጥግ ላይ ወድቆ የቀረውን ብስክሌት ደግሞ የሚያውቋት ሰዎች አንሥተው ለአባቷ አመጡላቸው። መቼም ደግ ያደረጉ መስሏቸው ነው።

ጋሽ ከበበው የተሳሳቱት ያን ጊዜ ነው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው «እግዜር ያጥናዎት» መባሉን እስከ ሰልስቱ ቻሉት። በማግስቱ ሹልክ ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡና ብስክሌቱን ሠሩት። እንዲህ ያድርጉ ያላቸው ሰው የለም፤ እጃቸው ሌላ ነገር አያውቅማ! የተጣመመውን የኋላ ጎማ አቃኑ፣ የተጨራመተውን የኋላ ፓራፋንጎ፣ ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ አውልቀው ሌላ ገጠሙ፣ የታጠፈውን የኋላ ፍሬን ገመድ ቀየሩ፣ ቀዩን ቀለም በቤንዚን ጨርቅ እያሹ አጸዱት። ሲጨርሱ ብስክሌቱ ገና አሁን ወጥታ የምትነዳው መሰለ። ለአፍታ ያህል ደስም አላቸው። ከዚያ ለማን እንደሠሩት ትዝ ሲላቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መዝገቡ የተመራላት ኢንስፔክተር ሶሬቲ ሱቁ ድረስ መጣች። ብስክሌቱን ዙሪያውን ዞረችው፣ ተንበርክካም አየችው።

«ጋሽ ከበበው፣ ይኼ እኮ አዲስ ነው።»

«ሠራሁታ።»

«መቼ?»

«በሰልስቷ ማግስት።»

ሶሬቲ ግንባሯን በእጇ ያዘች። «ከኋላ ተገጭታ ከሆነ ምልክቱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነበር። ፍሬኑ ይይዝ አይይዝ እንደነበርም የምናውቀው በዚሁ ነበር። አሁን ሰውየው ያለውን በምን ላፍርስበት?»

«አሮጌው አለኝ!» አሉ ጋሽ ከበበው። «እኔ እኮ አሮጌ አልጥልም!» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሚስማሮቹ ባዷቸውን ነበሩ። ለካ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ሊያጽናናቸው የሚመጣው ሰው መቀመጫ ቢያጣ፣ ወርቅዬ ሱቁን ጠርጋ የተሰቀለውንም የተከመረውንም በማዳበሪያ ሞልታ ለቆራሌው ሰጥታዋለች። እሳቸው ሥራ ስላቆሙ ልብ አላሉትም።

ለወርቅዬ አንድም ቃል አልተነፈሱላትም። እሷም ልጇን ነው የቀበረችው፤ ማስረጃውን የጣልሽው አንቺ ነሽ እንዴት ይበሏት? በምን አንጀታቸው?

ለሶሬቲም ያልነገሯት አንድ ነገር ነበር። ከአደጋው በፊት በነበረው እሑድ አክሱማዊት «አባዬ፣ የኋላው ፍሬን ላላ ብሎብኛል» ብላቸው ነበር። «እሺ፣ አጠብቀዋለሁ» አሉ። አጠበቁት? ወይስ ረሱት? ጠፋባቸው። በሳምንት ሃያ ፍሬን የሚያጠብቅ ሰው አንዱን ለይቶ ከየት ያስታውሰዋል? ሰኞን ከጠዋት እስከ ማታ በሐሳባቸው መልሰው መላልሰው ዞሩት፤ የማን ጎማ እንደተነፈሰ፣ ማን ሻይ እንዳመጣላቸው ሳይቀር ትዝ ይላቸዋል፣ የእሷ ፍሬን ግን የለም። ኢያቄም ያለው እውነት ከሆነ ልጃቸውን የገደላት ኢያቄም አይደለም። ይህን እያሰቡ እህል አፋቸው ውስጥ ይዞርባቸው ጀመር። አመሻሽ ላይ ከዳገቱ የሌላ ሰው ብስክሌት ደወል በተሰማ ቁጥር ግን ይህን ሁሉ ይረሱና ቀና ይላሉ። ስንቴ «ማነው?» ሊሉ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ተመልሷል።

አርባዋ ሊደርስ ሲል ሦስት ሽማግሌዎች ቤት መጡ። ኢያቄም የላካቸው ናቸው። «ልጁ ተጸጽቷል፤ እግዜር ያመጣውን ምን ይደረጋል፤ ይቅር ይበሉት» አሉ ቆመው።

«ተቀመጡ» አሉ ጋሽ ከበበው። «እኔ ከሱ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ከኋላ ገጨኋት ይበል። አሁኑኑ ይቅር እለዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «እሱን እንኳ ለፍርድ ቤት ብንተወው...» አሉ ትልቅየው።

«እንግዲያው እኔም ለፍርድ ቤት ትቼዋለሁ።»

ሰዎቹ እንደወጡ ወርቅዬ ወንድሟ ፊት መጥታ ቆመች። «ጋሼ፣ እሷ ላትመለስ አንድ ቃል ምን ያደርግልሃል? ለምን ራስህን ትጨርሳለህ?»

ያን ጊዜ ፈነዱ። «እኔ ብሆንስ?» አሉ። «ፍሬኑ ላልቷል ብላኛለች። ማጥበቄን አላውቅም ወርቅዬ! አሮጌውን ገመድ ባየው ነበር የማውቀው። እሱ ደግሞ የለም።»

ወርቅዬ ወደ ጓዳ ገባች። የአክሱማዊት ልብስ ያለበት ሳጥን ሲከፈት ተሰማ። ስትመለስ ትልቅ ፌስታል ታቅፋ ነበር፤ በጋሽ ከበበው የእጅ ጽሕፈት «የአክሱማዊት» ይላል።

«ሁሉንም ሰጠሁት፤ ይኼን ግን ስሟ ተጽፎበት እያየሁ እንዴት ለቆራሌው ልስጠው? አንተም አይተኸው እንዳይብስብህ ብዬ ደበቅኩት» አለች እያለቀሰች።

ፓራፋንጎው ከኋላ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ጥቁሩ ላይ የመኪናው ብርማ ቀለም ከነጭረቱ ተለጥፎበታል። ዕውር እንኳ ዳብሶ የሚያውቀው ምልክት ነው። ጋሽ ከበበው ግን ፓራፋንጎውን ገለል አድርገው የፍሬኑን ገመድ አነሡ። ብርሃን ፍለጋ በሩ ላይ ወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ብሎን ገመድን ሲነክስ ምልክት ይተዋል፤ ገመዱ ተስቦ እንደገና ከጠበቀ ደግሞ ሌላ አዲስ ምልክት ይተዋል። ገመዱ ላይ ሁለት ንክሻ ነበረበት፤ አንደኛው የዛገ፣ ሁለተኛው ከሱ ከፍ ብሎ የሚያብለጨልጭ።

«አጥብቄው ነበር» አሉ ጋሽ ከበበው። «ወርቅዬ፣ አጥብቄላት ነበር!»

ሁለቱም በሩ ላይ ተቃቅፈው፣ አላፊ አግዳሚው እያያቸው፣ አዲስ መርዶ እንደመጣበት ሰው አለቀሱ።

በማግስቱ ፌስታሉን ለሶሬቲ አስረከቡ። መቀበሏን የሚገልጸውን ወረቀት ስትሞላ «የንብረቱ ባለቤት፣ ከበበው...» ብላ ስትጀምር እጇን ያዙት። «የሷ ነው ልጄ፤ በስሟ ጻፊው» አሏት። ሶሬቲ ደንቡ ምን እንደሚል ሳትነግራቸው በስሟ ጻፈችው።

ከዚያ በኋላ ያለው የቀጠሮ ነገር ነው። ችሎት፣ ቀጠሮ፣ ችሎት፣ ደግሞ ቀጠሮ። ባለሙያው ቀለሙ የዚያችው መኪና መሆኑን መሰከረ፤ ፍሬኑም ደህና እንደነበር ተጻፈ። በአራተኛው ችሎት ኢያቄም ቆሞ፣ ወለሉን እያየ፣ «ከኋላ ነው የገጨኋት። አላየኋትም ነበር» አለ። ተፈረደበት። ጋሽ ከበበው ያን ቃል ለመስማት ዓመት ሙሉ ጠብቀዋል፤ ሲሰሙት የሚያርፉ መስሏቸው ነበር። የተሰማቸው ግን ሌላ ነው። ቶሎ ወደ ሱቅ ሄጄ ልንገራት አሉ በልባቸው። እንደምትመጣ፣ እንደምትስቅ፣ «ያ የምስቅበት አመልህ አይደል አባዬ?» እንደምትላቸው አሰቡ። ፍርድ ቤቱ የሰጣቸውን ፍርድ የሚያካፍሉት ሰው ያጡት ከችሎት ወጥተው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ነው።

ከወር በኋላ በኤግዚቢትነት የተያዘውን ፌስታል እንዲወስዱ ፍርድ ቤት ተጠሩ። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል። አንድ ጸሐፊ በመስኮት ብቅ ብሎ ከወረቀት ላይ አነበበ።

«አክሱማዊት ከበበው!»

ጋሽ ከበበው መልስ መስጠት ነበረባቸው። አልሰጡም። ስሟ በሌላ ሰው አፍ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው! ዞረው ወደ ደረጃው አዩ። ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ይወርዳል።

«አክሱማዊት ከበበው የለችም እንዴ?»

አሁንም ደረጃውን ያያሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጠራት ብለው ተመኙ። ጸሐፊው ወረቀቱን ሊያስቀምጥ ሲል ግን ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

«ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም» አሉ። «እስክትመጣ የማስቀምጥላት እኔ ነኝ።»

ፈርመው ፌስታሉን ተቀበሉ፤ ጎፋ ሲደርሱም በሩ አጠገብ ባለችው ሚስማር ላይ ሰቀሉት።