ያላለቀችው የአህያ ጨዋታ

መተማ ዮሐንስ ውስጥ፣ ከባድ መኪኖች ተራ ከሚጠብቁበት አጥር ጥግ፣ አገኘሽ የምትባል ፉል ሻጭ አለች። ዕድሜዋ ከሃምሳ ዘለል ብሏል፤ ድምፅዋ ግን ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ወላጆቿ ከዳባት ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ሾፌሩም፣ ተሸካሚውም፣ ከጋላባት በእግሩ የተሻገረው ሱዳናዊም ጠዋት ጠዋት የሚቀመጠው እሷ ዳስ ሥር ነው። ፉሏ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አገኘሽ ስትስቅ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም። ሳቋ ከሆዷ ይነሣል፣ ትከሻዋን ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ ወገቧን አጥፎ መሬት ለመሬት ያደርጋታል። ጭልፋ ይዛ ከሆነ ጭልፋው ወደቀ ማለት ነው።

ከተማው ሌላም ነገር ያውቅላታል። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ ከሰሊጥ እርሻ ሠራተኛና ገበያተኛ ጭኖ ይመለስ በነበረ አይሱዙ ላይ ሽፍቶች ተኩሰው ዘጠኝ ሰው ገደሉ። አራት ሰው ተረፈ፤ አንዷ እሷ ናት። የዚያን ዓመት ለአጫጆች ወጥ ትሠራ ነበር።

"እንዴት ተረፍሽ?" ሲሏት፣ "ተንበርክኬ ስጸልይ ጥይቱ በላዬ አለፈ" ትላለች።

ይኸን ያለችው መጀመሪያ ሆስፒታል ተኝታ ለጠየቃት ጋዜጠኛ ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው እሷን ጥሏት ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሳይቀር ሴቶች ልጆቻቸውን "እንደ አገኘሽ ጸልዩ" እያሉ ይመክሩ ጀመር። አንዲት ሴትማ ከሸኸዲ ድረስ መጥታ "እጅሽን ጫኝብኝ" ብላታለች። አገኘሽ እጇን ጫነችላት፣ ፉልም አበላቻት፣ ማታ ግን ከራሷ ጋር ተጣላች። ምክንያቱም በተኩሱ ሰዓት ስትጸልይ አልነበረም።

ባለፈው መጋቢት፣ ሙቀቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲያስጮህ፣ ከአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ድራማ ሠሪዎች መጡ። አዘጋጁ ቢያድግልኝ ይባላል፤ ጢሙን ያጎፈረ፣ የሚናገረው ሁሉ የሚያስቸኩለው ወጣት ነው። አብራው የመጣችው ሔለን የምትባል ተዋናይ ነበረች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሙቀቱ የተነሣ እርጥብ ፎጣ አናቷ ላይ ጥላ የምትውል።

"እትዬ አገኘሽ፣ የእርስዎን ታሪክ ልንሠራ ነው የመጣነው" አላት ቢያድግልኝ ፉሉን እያጣቀሰ። "በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ፣ ባለ አራት ክፍል ድራማ። የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቀው ተኩሱ ላይ ነው። ሔለን እርስዎን ሆና ትሠራለች።"

ጎረቤቷ ኩብራ ከሱቋ ደጃፍ ሆና ይኸን ሰማች። ኩብራ የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ የሰማችውን ሆዷ ውስጥ የማሳደር ልማድ የላትም።

"እሷ? አገኙን?" አለች። "ይችን ልጅ ሦስት አድርጋችሁ ብታስሯትም አገኙን አትሞላም!"

ሔለን ራሷ ቀድማ ሳቀች፤ በዚያው ወዳጅ ሆኑ። ቢያድግልኝ ግን ለሳቅ ጊዜ አልነበረውም። ወረቀቱን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ።

"መኪናው ላይ ማንም አይናገርም። ሰማዩ በጥቁር ደመና ተሸፍኗል። ሁሉም መጥፎ ነገር እንደሚመጣ ልቡ ነግሮታል። ሴትዮዋ ተንበርክካ እጆቿን ትዘረጋለች፤ እንባዋ ይወርዳል፤ ጌታ ሆይ፣ ትላለች፣ የዛሬዋን ጀምበር ስትጠልቅ እንደማላያት አውቃለሁ…"

አገኘሽ መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"በኅዳር? በመተማ? ጥቁር ደመና?" አለች፤ ወገቧም ታጠፈ። ጭልፋው ድስቱ ውስጥ ገባ።

"ምን ያስቃል እትዬ? እርስዎ የተናገሩት እኮ ነው!" አለ ቢያድግልኝ ደንግጦ።

አገኘሽ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ የሳቅ ይሁን የሌላ አይለይም። "እኔ ነኝ የዋሸሁት ልጄ" አለች። "ማንም አልጸለየም። ማንም አልፈራም። መኪናው ሙሉ ሰው በሳቅ እየሞተ ነበር። እኔም የተረፍኩት በሳቅ ታጥፌ፣ አናቴ ከመኪናው ሳንቃ በታች ስለወረደ ነው። እንዲህ ብዬ ለማን ልናገር? ዘጠኝ ሰው አልቆ፣ እየሳቅሁ ተረፍኩ ይባላል?"

ፉል የሚበላው ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ኩብራ እንኳ ዝም አለች፤ ይኸም ለራሱ ታሪክ ነው።

ቢያድግልኝ ወረቀቱን አጠፈ። "ምን ነበር የሚያስቃችሁ?"

"የባየልኝ አህያ።"

ባየልኝ ከጎጃም ወርዶ መሬት ተከራይቶ የሚያርስ፣ መኪና ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ቦታ የሚለቅለት ጨዋታ አዋቂ ነበር። ከሞቱት ዘጠኝ ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ቢያድግልኝ ታሪኩን ዛሬውኑ ጽፎ ነገ መቅረጽ ፈለገ። አገኘሽ ግን እጇን አነሣች። "ሚስቱን ማዕረግን ሳላስፈቅድ አንዲት ቃል አይወጣኝም።"

ማዕረግ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ታበጥራለች። አገኘሽ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ወንፊትም አንሥታ አብራት ማበጠር ጀመረች። ብዙ ካበጠረች በኋላ አንገቷን ሳታቀና እንዲህ አለች፦

"ማዕረግ፣ ባልሽ ሲሞት እየሳቅን ነበር። ጸሎት ያልኩሽ ውሸት ነው። ሰባት ዓመት ዓይንሽን ማየት አቅቶኝ ነው የኖርኩት።"

ማዕረግ ወንፊቷን አቆመች። መጋዘኑ ውስጥ የሰሊጥ ብናኝ ብቻ ይንሳፈፋል።

"ማን ነበር የሚያስቃችሁ?"

"እሱ ነዋ።"

"የአህያውን ነው?"

"የአህያውን።"

"የት ደርሶ ነበር?"

አገኘሽ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀችም። "ጉምሩኩ ጋ። ሠራተኛው ሰነድ አሳይ እያለ ከኋላው ሲሮጥ። ከዚያ ተኩሱ መጣ።"

ማዕረግ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አገኘሽ የምታለቅስ መስሏት ልትደግፋት ተጠጋች። ማዕረግ ግን አላለቀሰችም። "እንግዲያ መጨረሻውን አልሰማሽማ!" አለች። "ኧረ በሞቴ! ዋናው እኮ መጨረሻው ነው! ሰባት ዓመት ሙሉ ግማሹን ይዘሽ ነው የምትኖሪው?"

እዚያው ሰሊጡ ላይ ተቀምጣ ነገረቻት። ሌሎቹ አበጣሪዎችም ተሰበሰቡ። ሲያልቅ አንዲቱ ጆንያ ላይ ተደፋች፣ አንዲቱ "ሆዴን! ሆዴን!" እያለች ወጣች፣ አገኘሽ ደግሞ ግድግዳ ይዛ ካልሆነ መቆም አቃታት። ማዕረግም ትስቃለች። መሀል ላይ ግን ሳቋን ቆም አድርጋ፣ "አላመመውም ማለት ነው?" አለች።

"ቃሉን እንኳ አልጨረሰም እኅቴ። ፊቱ እንደበራ ነው የሄደው።"

"በይ ሥሩት" አለች ማዕረግ። "ጥቁር ደመና ካደረጋችሁበት ግን አልምራችሁም።"

ቀረጻው ሦስት ቀን ፈጀ። ያ አይሱዙ ስለሌለ ሌላ ተከራዩ። ከተማው እንዳይደነግጥ አንድ ባጃጅ በድምፅ ማጉያ እየዞረ "የሚሰማው ተኩስ አይደለም፤ የበርሜል ክዳን ነው!" እያለ ለፈፈ። ሰዉም ይኸን ሲሰማ ሥራውን ጥሎ የበርሜል ክዳን ለማየት መጣ። ለደም ከርከዴ የሚባለው ቀይ የሻይ አበባ ተዘፈዘፈ፤ ዝንብ ሁሉ የቴሌቪዥን ተዋናይ ለመሆን የመጣ ይመስል ወረደ። ኩብራ ሬሳ ለመሆን ራሷ ጠይቃ ገባች። "ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ በቀን ተኝቼ አላውቅም" አለች።

ትልቁ ችግር ሳቁ ነበር። ቢያድግልኝ "ሳቁ!" ሲላቸው ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ትምህርት ቤት መዝሙር "ሃ! ሃ! ሃ!" ይላል። አሥር ጊዜ ሞከሩ። የባየልኝን ቦታ የያዘው የአዲስ አበባ ተዋናይ ቃሉን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን አህያ ጋልቦ የማያውቅ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቅበታል።

"ውረድ ልጄ፣ ትንሽ ውሃ ጠጣ" አለችው አገኘሽ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ መኪናው ላይ ወጣች፤ የነዳጅ ጀሪካን እግሮቿ መሀል አድርጋ እንደ አህያ ተቀመጠችበት። ሔለን ከጎኗ ነበረች። አገኘሽ በባየልኝ የጎጃም አነጋገር ጀመረች፦

"ከጋላባት አህያ ገዛሁ ጎበዝ! ሂድ ስለው ይቆማል፣ ቁም ስለው ይሄዳል። ለካ አማርኛ አይሰማም! ሻጩ አረብኛ ነግሮኝ ነበር፤ 'ያላ' ካልከው ይሄዳል፣ ለማቆሚያውም ሌላ ቃል አለ። 'ያላ' አልኩና በዱላ ነካሁት። አቤት አበራረር! የማቆሚያዋን ቃል ላስታውስ ብል ጠፋች! ድልድዩን አለፍን፣ ጉምሩኩን አለፍን፤ ሠራተኛው 'ሰነድ! ሰነድ አሳይ!' እያለ ከኋላ ይሮጣል። እኔም 'ጌታዬ፣ እኔ አልመጣሁም! የመጣው እሱ ነው! እሱን ጠይቀው!'"

መኪናው ተናወጠ። ካሜራ የያዘው ሰው ራሱ ሲስቅ ምስሉ ተንቀጠቀጠ። ሔለን ከልቧ ስትስቅ ታጥፋ አናቷ ከሳንቃው በታች ወረደ። በዚያች ቅጽበት የበርሜሉ ክዳን ጮኸ፦ ጓ!

አገኘሽ ጀሪካኑ ላይ እንዳለች ደረቀች። ፊቷ ዐመድ መሰለ። ለአፍታ ያች ኅዳር ተመልሳ መጣች፤ አቧራው፣ ጩኸቱ፣ በላይዋ የተደፋው የሰው ክብደት። ሔለን ከወደቀችበት እጇን ዘርግታ እግሯን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት፤ አልለቀቀቻትም። አገኘሽ ቁልቁል አየቻት፤ ቀስ ብላም ተነፈሰች።

ከዚያ ክዳኑ ሲጮህ ከወደቁት ሬሳዎች መሀል ድምፅ ተሰማ። ኩብራ ናት። ዓይኗን ጨፍና፣ ከርከዴ ፊቷ ላይ ፈሶ፣ ሆዷ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ቀጥሎ ሌላው ሬሳ፣ ቀጥሎ ሦስተኛው።

"ሬሳዎች! ኧረ እባካችሁ ሙቱ!" አለ ቢያድግልኝ።

"እንዴት ልሙት?" አለች ኩብራ ዓይኗን ሳትገልጥ። "አህያው የት እንደደረሰ ሳልሰማ?"

በዚህ ማንም መቆም አልቻለም። ቢያድግልኝ ራሱ አቧራ ላይ ተቀመጠ። የሞቱትንና ባየልኝን ሆኖ የሚሠራውን ተዋናይ ሌላ ጊዜ ለብቻቸው መቅረጽ ግድ ሆነ። ሳቁን ግን ያኔ የያዙትን ነው ያስቀሩት።

የድራማው የመጀመሪያ ክፍል የተላለፈው በሰኔ መግቢያ፣ እሑድ ከሰዓት ነበር። ኩብራ ቴሌቪዥኗን ወደ በረንዳ አወጣች። ከየቤቱ ወንበር መጣ፣ ጆንያ ተነጠፈ፣ መንገዱ በሰው ተዘጋ። የሟች ቤተሰቦች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ አገኘሽ ግን ከኋላ፣ የሱቁ ምሰሶ ላይ ተጣብቃ ቆመች። ቢጠሏትስ?

ሳቁ ሲመጣ መጀመሪያ ፊት የተቀመጡት እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ አንድ ሰው ፈገግ አለ። ቀጥሎ "እሱ ማለት እኮ እንደዚህ ነበር!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በረንዳው ሙሉ ፈነዳ። ሠራተኛው "ሰነድ!" ሲል፣ ባየልኝ "እሱን ጠይቀው!" ሲል፣ ጓ! አለ። የቴሌቪዥኑ መስኮት ጨለመ። ዘጠኝ ስሞች አንድ በአንድ በነጭ ጽሑፍ ወጡ።

ስሞቹ አልፈው ካለቁ በኋላ አንድ ባጃጅ ነጂ ከጥግ በቀስታ፣ "አህያውስ?" አለ።

ማዕረግ ከፊት ተነሣችና ወደ ሰዉ ዞረች።

"አህያው ገበያ መሀል የሐብሐብ ክምር ውስጥ ገብቶ ቆመ" አለች። "ባሌ ሐብሐብ ተቀብቶ መጣና፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቋንቋውን መማር አለብኝ አለ። ሦስት ወር አረብኛ ተማረ። ማታ ማታ በረት ገብቶ ለአህያው ያነብለታል። አንድ ቀን ከአህያው ኋላ ድስት ጣልኩ። እኔ ዘለልኩ፣ ዶሮዎቹ ዘለሉ፣ አህያው አልዞረም። ለካ ጆሮው አይሰማም! ብነግረው ባሌ በረቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ምን አለ መሰላችሁ? 'ታዲያ ይኸን ሁሉ አረብኛ አሁን ከማን ጋር ላውራው?'"

በረንዳው ላይ ከዚያ በኋላ የሆነውን መግለጽ ያስቸግራል። አንድ ወንበር ተሰበረ። አገኘሽ ምሰሶዋን ይዛ መሬት ደረሰች።

ሳቁ ሲበርድ የሟች ቤተሰቦች ወደ እሷ መጡ። የፈራችው ወቀሳ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የኔስ? የኔ ምን ያደርግ ነበር?" እሷም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ያችኛዋ የወለቀ ጥርሷን በእጇ ሸፍና ትስቅ ነበር። ያኛው ጉልበቱን እየመታ "ድገመው!" ይል ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ፣ ጋሽ ቢሆነኝ፣ በምርኩዛቸው ቀርበው ቆሙ። "የኔ ልጅ ደረበስ?" አሉ።

አገኘሽ ልቧ ተከፈለ። ደረበን ታስታውሰዋለች። "እሱም ሲስቅ ነበር" ማለት ቀላል ነው። ግን ውሸት በቅቷታል።

"ጋሽ ቢሆነኝ፣ እውነቱን ልንገርዎት" አለች። "ደረበ አልሳቀም። የሰሊጥ ጆንያ ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሲንጫጫ ዓይኑን አልገለጠም።"

ሽማግሌው አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ ምርኩዛቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"እሱ ነው!" አሉ፣ ጥርስ የሌለው አፋቸው ከጆሮ እስከ ጆሮ ተከፍቶ። "በእውነት እሱ ነው! ያ እንቅልፋም! በገዛ ክርስትናው ቀን እንኳ ውሃው አልቀሰቀሰውም!"